እግር የሚያሞቁት ጋሽ እንየው

ጋሽ እንየው ማረፋቸውን የሰማሁት ዳንግላ አውቶቡስ ተራ ቆሜ ነው። ከባሕር ዳር የመጣች የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ሻንጣዋን ከመኪና እያወረደች፣ «የቦይለሩ ሰውዬ ሞቱ እኮ፤ ሚስታቸውን ያቃጠሉት» አለችኝ። ክፋት ኖሯት አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ጋሽ እንየው የሚታወቁት በዚያ ነው። «ነፍስ ይማር» ብዬ ዝም አልሁ። በዚህ ነገር ዝም ማለትን ያስተማሩኝ ራሳቸው ነበሩ።

ያ ከሆነ ግን ዓመታት አልፈዋል፤ ነገሩ የሚጎዳው የመጨረሻው ሰውም አሁን በሕይወት የለም። ስለዚህ እኔ እንደማውቃቸው አድርጌ ልጽፋቸው።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርሁ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። ነርስ ባልሆንም ሠራተኛው ሁሉ «ሲስተር» ይለኝ ነበር። ጋሽ እንየው የዚያው ፋብሪካ የቦይለር ሠራተኛ ነበሩ። የምንኖረውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከሐይቁ ብዙ ያልራቀ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳው እስከ ወገቡ የሚረጥብ የቀበሌ ቤት። እሳቸው ከባለቤታቸው ከእትዬ ይታይሽና ከአንድ ልጃቸው ከሞላ ጋር ሁለት ክፍል ነበራቸው፤ እኔ ደግሞ ከጎናቸው አንድ ክፍል።

ረጅም፣ ከሲታ፣ ቅንድባቸው በቦይለሩ ወላፈን የሳሳ ሰው ነበሩ። ግራ ጆሯቸውን የእንፋሎቱ ጩኸት አደንቁሮት ስለነበር ሰው ሲያናግራቸው ቀኝ ጆሯቸውን ያቀርባሉ። ይህም የሚያናግራቸውን ሰው ሁሉ ምስጢር የሚነግራቸው ያስመስለው ነበር። የዘወትር ቃላቸው «ቀስ ነው» የሚል ነው። ሞላ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ «ቀስ ነው»፤ እኔ ከክሊኒክ ተናድጄ ስገባ «ቀስ ነው፣ ልጄ»። በወጣትነታቸው አንድ ጓደኛቸው ቫልቭ ቸኩሎ ሲከፍት እንፋሎት ፊቱን ልጦት አይተዋል ይባላል። እሳቸው ግን አውርተውት አያውቁም።

እትዬ ይታይሽ ገበያ ሲሄዱ መንገድ ላይ መቆም ጀመሩ። ጥቂት ይራመዱና ባታቸውን ይይዛሉ፤ ሰው እንዳያውቅባቸው ዕቃ የሚያዩ መስለው ይቆማሉ፤ ደግሞ ይራመዳሉ። የእግራቸው ጣቶች መጀመሪያ ነጡ፣ ቀጥሎ ጠቆር ማለት ጀመሩ። በሚያዝያ ሙቀት እንኳ እግራቸውን ስነካው ከውሃ የወጣ ዓሣ የነካሁ ይመስለኝ ነበር። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ ትሑት ወጣት ነበር፤ አገላብጦ አየና የእግራቸው የደም ሥር መጥበቡን፣ ስኳርም እንዳለባቸው ነገረን። እዚያ የሚሠራ ቀዶ ጥገና አልነበረም፤ ወደ አዲስ አበባ ቢጽፍላቸውም ወረፋው ሩቅ ነበር።

«እኔ ቤት ውስጥ የማደርግላት ነገር የለም?» አሉ ጋሽ እንየው፣ ቀኝ ጆሯቸውን አቅርበው።

«አለ» አለ ሐኪሙ። «እግራቸው አይብረደው። ሞቅ ሲል ደሙ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ቀስ እያሉ በየቀኑ ይራመዱ። እሳት ግን አጠገባቸው አይድረስ። እግራቸው ስሜቱ ደክሟል፤ ቢቃጠሉ እንኳ አያውቁትም።»

«ሞቅ ያለ እንጂ ትኩስ አይደለም ማለት ነው።»

«ልክ ነው አባባ።»

ጋሽ እንየው ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሥራ ያላቸው አይመስሉም ነበር። ከፋብሪካው የተጣለ የዕቃ ሣጥን ለምነው አመጡ። ከሐይቁ ዳር ደንገል አስቆርጠው አደረቁና ውስጡን ደለደሉት፤ በላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፉ። ማታ ማታ ውሃ ለብ ያደርጉና በጠርሙስ ሞልተው፣ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልለው በሣጥኑ ግራና ቀኝ ያስቀምጡታል። የእትዬ ይታይሽ እግር መካከል ላይ ይገባል። ጠርሙሱ አይነካቸውም፤ የሚደርሳቸው ሙቀቱ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ጠርሙስ ከማስገባታቸው በፊት ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ትንሽ ከጋለባቸው አውጥተው ያቆዩታል።

«ሲያገባኝ እግሬን አይቶት አያውቅም ነበር» ይሉኝ ነበር እትዬ ይታይሽ። «አሁን ከእግሬ በቀር የሚያየው የለም።»

እግራቸው ሲሞቅ ተደጋግፈው ይወጣሉ። መጀመሪያ እስከ ግቢው በር ነበር፤ ቀጥሎ እስከ መንገዱ መታጠፊያ። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ ሳያርፉ እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ደረሱ። የዚያን ዕለት እትዬ ይታይሽ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፈው ሲያለቅሱ ጋሽ እንየው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክሩ ነበር።

ወሬው ወጣና ሌሎችም መምጣት ጀመሩ። ሲቆሙ የሚውሉ የፋብሪካ ሴቶች፣ ዕድሜያቸውን በማኅሌት ቆመው የጨረሱ አንድ መሪጌታ፣ ሪህ ያለባት ጠላ ሻጭ። ጋሽ እንየው እሑድ እሑድ ሁሉንም በየተራ ያስቀምጧቸዋል። መሪጌታው እግራቸውን ሣጥኑ ውስጥ አድርገው ግእዝ እያነበነቡ ይተኙ ነበር። «እግር የሚያሞቁት ሰውዬ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው፤ በፍቅር።

ሞላን ብሔራዊ ውትድርና የወሰደው በቀጣዩ ዓመት ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከመንገድ አፍሰው ጫኑት። እትዬ ይታይሽ ልጆቹ የታጎሩበት ጦር ሰፈር ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ በአጥር ቀዳዳ ቆሎ አቀብለውት ተመለሱ። ማታ ጋሽ እንየው እንደ ወትሮው እግራቸውን ሣጥኑ ውስጥ አስገቡላቸው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ እንየው ከቀበሌው የውይይት ክበብ መቅረት አበዙ። ስብሰባው የሚጠራው እግር በሚሞቅበት ሰዓት ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ሊቀመንበሩ በስብሰባው መካከል አስነሥቶ ጠየቃቸው።

«ጓድ እንየው፣ የት እየዋልህ ነው?»

«ማታ ማታ የባለቤቴን እግር አሞቃለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ሊያስቁ አልነበረም፤ የተጠየቁትን መመለሳቸው ነበር። ሊቀመንበሩ ግን በእሱ የተሳቀ መሰለው። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ።

«ልጅህ ሲዘምት ያኮረፍህ መስሎኝ ነበር። ለካ አብዮቱን እግር ማሞቂያ አድርገኸዋል» አለ።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ክንዳቸውን ያዟቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው፣ «ጨርቁ ወንበሩ ላይ ነው። ሳይጠቀልሉ እንዳያስገቡት» አሉኝ። ከዚያ የቀበሌው እስር ቤት ገቡ፤ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ፣ መስኮት የሌለው ቤት ነው።

በማግስቱ የእትዬ ይታይሽን እግር እኔ አጠብሁ። ጣት በጣት ለያይቼ፣ ተረከዙን በመብራት አይቼ አደረቅሁት። አንድ ነጥብ አልነበረበትም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ለራሴ ስለው የኖርሁት ነገር ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘውዴ ከአንበሳሜ መጣች። ዘውዴ የእትዬ ይታይሽ ታናሽ እህት ናት። እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ አዝለው፣ አጉርሰው፣ ድረው ያበቋት እትዬ ይታይሽ ናቸው። የሚጠባ ልጅ በጀርባዋ፣ በቅል ቅቤ በእጇ ይዛ በዝናብ በስብሳ ገባች። ሣጥኑን አሳየኋት፤ ጠርሙሱን እንዴት እንደሚጠቀልሉትና ጉንጭ ላይ እንደሚሞክሩት አሳየኋት። አስደግማ ጠየቀችኝ። ልባም ሴት ነበረች።

እኔ ወዲያው ለክትባት ሥራ ዘጌ ተላክሁ። በጀልባ ተሻግረን ከቡና ጥላ ሥር ድንኳን ጥለን ከረምን። ሐይቁ ስለተናወጠ መመለሻችንም ዘገየ።

ተመልሼ ግቢው ስገባ ከሁሉ በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው። የሥራዬ ጠባይ ሆኖ ሽታውን ወዲያው አወቅሁት። ዘውዴ ደጃፉ ላይ ራሷን በነጠላ አስራ ተቀምጣለች።

«ሲስተር፣ ገደልኋት» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዝናቡ ሳያቋርጥ በመዝነቡ ቤቱ በረደ። ጠርሙሶቹ ቶሎ ቶሎ ቀዘቀዙ። እትዬ ይታይሽ «አልሞቀኝም፣ ጨምሪበት» እያሉ ለመኗት። ዘውዴም አገሯ ለወገብ በሽተኛ እንደሚደረገው ጡብ በከሰል አግላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ እግራቸው ሥር አደረገችላቸው። ጉንጯ ላይ ሞክራዋለች፤ ሙቀቱ ግን ገና ወደ ጨርቁ አልወጣም ነበር። እትዬ ይታይሽ ምንም አልተሰማቸውም። «ተባረኪ» ብለዋት ተኙ።

ጨርቁን ገለጥሁት። የአንዱ እግራቸው ቆዳ ከተረከዙ እስከ ባቱ ግማሽ ድረስ ተልጧል፤ ጠርዙ ጠቁሯል።

«አያመኝም እኮ» አሉኝ እትዬ ይታይሽ እየሳቁ። «ይህች ልጅ በከንቱ ታለቅሳለች።»

በቃሬዛ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ያው ሐኪም አየና እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ፤ እግሩ ከጉልበት በላይ መቆረጥ ነበረበት። ጋሽ እንየው የተፈቱት በዚያው ዕለት በዋስ ነው። ቤት ሳይገቡ ጢማቸው አድጎ፣ ቱታቸው ሸቶ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤቱ መጡ። በረንዳው ላይ አስቀምጬ ያየሁትንና ዘውዴ የነገረችኝን ሁሉ ነገርኋቸው። ጆሯቸውን አቅርበው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ምንም ከማለታቸው በፊት አንዲት ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች። ዘውዴን ልብስ አጣቢዎች ከሐይቁ አውጥተዋታል። ደንገሉ መካከል ውሃው ደረቷ ደርሶ ነበር። ሕፃኑን ዳር ላይ በነጠላ ጠቅልላ ትታው ነው የገባችው።

ጋሽ እንየው ተነሡ። ግን አልሄዱም።

«እግሯን ያጠብሽው መቼ ነው?» አሉኝ።

«እርስዎ በታሰሩ ማግስት።»

«ምንም አልነበረበትም?»

«ምንም።»

«ይህን ለሰው ነግረሻል?»

«አልነገርሁም።»

«እንግዲያው አትንገሪ።»

ግቢ ስንደርስ ዘውዴ ብርድ ልብስ ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ሴቶች ከበዋታል፤ ሕፃኑ በሰው እጅ ሆኖ ያለቅሳል። ጋሽ እንየው ፊት ለፊቷ ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

«ዘውዴ፣ ስሚኝ። አንቺ አይደለሽም።»

«ጡቡን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። አይዋሹኝ።»

«ጡቡ ምንም አላደረገም። እኔ ከመታሰሬ በፊት በነበረው ማታ አንዱን ጠርሙስ ጨርቅ ሳልጠቀልልበት አስገባሁት። በስብሰባው ነገር ልቤ ሌላ ጋ ነበር። ተረከዟ ተልጦ አይቼዋለሁ። ይድናል ብዬ፣ ደግሞም አፍሬ፣ ካልሲ አለበስኋትና ዝም አልሁ። አንቺ ስትመጪ ያለቀ ነገር ነው።»

ይህን ሲሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላዩም። ዘውዴ አፍጥጣ አየቻቸው። ከዚያ ብርድ ልብሱን ጥላ ተነሣችና ደረታቸውን በሁለት እጇ ትመታቸው ጀመር።

«አንተ ነህ? አንተ ነህ እንዴ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ እንጂ አንተ ብላቸው አታውቅም። ሴቶቹ ሊይዟት ሲሉ ጋሽ እንየው በእጃቸው ከለከሏቸው። ዘውዴ ደክሟት ስትተው ሕፃኑን ተቀብላ ማጥባት ጀመረች። እሳቸው ይህን ካዩ በኋላ ነው ተነሥተው ወደ ሐኪም ቤት የተመለሱት።

ለእትዬ ይታይሽ እዚያው አልጋቸው አጠገብ ነገሯቸው፤ እኔ ፋሻ እየቀየርሁ ነበር።

«እኔ ነኝ ብዬአታለሁ» አሏቸው።

«ደግ አደረግህ» አሉ እትዬ ይታይሽ። «እሷን ሳሳድግ አንድ ቀን መትቻት አላውቅም።»

እግራቸው ተቆረጠ፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቃቸውም። ነሐሴ ሳይወጣ አረፉ። በቀብሩ ላይ የእትዬ ይታይሽ ዘመዶች ከጋሽ እንየው ርቀው ቆሙ። ለቅሶ ቤት ደግሞ የእትዬ ይታይሽ አጎት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተን ብሎ ሐኪም» አላቸው። ጋሽ እንየው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሑድ እሑድ የሚመጡትም ቀሩ፤ መሪጌታው ሳይቀሩ። ስሙ አልተለወጠም፤ ሰው የሚጠራበት ድምፅ ግን ተለወጠ። ሣጥኑን አውጥተው ግቢው ጥግ ጣሉት፤ ዶሮዎች ይፈለፍሉበት ጀመር።

ሞላ ከግንባር ቆስሎ ለጥቂት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶት የመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ ያረፈው አንበሳሜ ነበር፤ ዘውዴ ነግራዋለች። የአባቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ «አባባ፣ እውነት ነው?» አለ። በረንዳ ላይ ሽንኩርት እየላጥሁ ነበር።

«እውነት ነው፣ ልጄ። ግባና ተቀመጥ።»

«አይተህ ዝም አልህ?»

«ዝም አልሁ።»

ሞላ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ዞሮ ወጣ። ጋሽ እንየው እስከ ግቢው በር ተከተሉት፤ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። እኔ መታገሥ አልቻልሁም።

«ልጅዎን እያጡ ነው እኮ። ልሩጥና ልንገረው?»

«ተዪው።»

«ለምን?»

«እሱ ለዘውዴ ቢነግራትስ? እሷ አንድ ቀን አታድርም። እሱ ግን ወንድ ልጅ ነው፤ ተናዶ ይሄዳል፤ ይበርድለትና ይመለሳል። ቀስ ነው፣ ልጄ።»

ሞላ አልተመለሰም። የት እንደ ወደቀ የነገራቸው ሰው የለም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ ሲበተን፣ ጋሽ እንየው በጎንደር በኩል በሚያስገባው መንገድ ዳር መቀመጥ ጀመሩ። ሰፌድ የሚያህል ሳፋና በጀሪካን ለብ ያለ ውሃ ይዘው ይወጣሉ። እየለመነ የሚያልፈውን ወታደር ያስቀምጡና የተሰነጠቀ እግሩን ውሃው ውስጥ ያደርጉለታል። እግሩ ሲፈታ፣ «ሞላ እንየው የሚባል ልጅ ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ደስ ሊያሰኛቸው ብሎ «አውቀዋለሁ፣ ከኋላ እየመጣ ነው» ይላቸው ነበር። ያንን ቀን ጨለማ እስኪሆን አይገቡም።

ከዚያ እኔ ወደ ዳንግላ ተዛወርሁ። ባሕር ዳር ስሄድ እየገባሁ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለዚያ ነገር ግን ዳግመኛ አላነሣንም። አንድ ጊዜ ብቻ ልወጣ ስል እጄን ይዘው፣ «ዘውዴ ሌላ ሴት ልጅ ወለደች አሉ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ደስታ አየሁ። የልጅቱን ስም እንኳ ማንም አልነገራቸውም ነበር።

መሞታቸውን አውቶቡስ ተራ በሰማሁ ማግስት ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ። ድንኳኑን የጣለው እድሩ ነው። የተቀመጠው ሰው ጥቂት ነበር፤ ጡረተኛ የፋብሪካ ሠራተኞችና ጎረቤቶች። ወደ ማታ ዘውዴ መጣች። አርጅታለች፤ ጎልማሳ ልጇ ክንዷን ይዞ ያስሄዳታል። ከእህቷ ተዝካር በኋላ ያንን ግቢ ረግጣው አታውቅም። ገብታ ሳታለቅስ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሰው ሲቀልል ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ እግሯን ታጥቢ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ቁስሉ ነበረ?»

ፊቷን አየሁት። ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ ስትይዘው ኖራለች።

«ነበረ» አልኋት።

«አይተሽዋል?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተልጦ ነበር።»

«አንዳንድ ቀን ሌላ ነገር ይታሰበኝ ነበር» አለች። «እኔን ለማዳን ብሎ ይሆን እንዴ እል ነበር።»

«አይደለም።»

ነጠላዋን ሰበሰበች። ልጇ ሊያስነሣት ጎንበስ ሲል፣ «እንግዲያው እግዜር ይማረው» አለች። «እኔም ይቅር ብዬዋለሁ።»

«አሜን» አልኋት።